የጎማው ጫፍ

ጎህ ሳይቀድ ደርሼ፣ ቦቲዬን አጥልቄ፣
ጎማዬን ዘርግቼ፣ ቧንቧውን ለቅቄ፣
አጠጣለሁ አበባ፣ አጠጣለሁ ሣር፣
ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር።
ስልሳ አራት ዘንባባ አስፈርመው ሰጡኝ፣
አንዱ የደረቀ ለት ከደሞዝ ሊቀጡኝ።
በቁጥር አላውቃቸውም፤ ስም አውጥቻለሁ፦
ባንኩ በር ላይ ያለውን "ሹሙ" እለዋለሁ፤
ባጃጅ የገጨውን፣ ጎባጣውን፣ "አንካሴ"፣
ለእሱ እጄ ይረዝማል፣ ታዝንለታለች ነፍሴ።

የጎማዬ ርዝመት ሰማንያ ክንድ ነው፤
ብስበው ብስበው ድልድዩ ጋ ነው የሚቆመው።
ከድልድዩ ወዲያ አንድ ክንድ አይሻገር፤
ከድልድዩ ወዲያ ነው የእኔ ሰፈር።

ቦቾ ቦሬ። ቧንቧ አለን፣ ቆጣሪም አለው፤
በየወሩ መጥተው የሚያነቡት ባዶውን ነው።
ውሃው በስምንት ቀን አንዴ ብቅ ይላል፣
እሱም በውድቅት ነው፤ ቧንቧው ቀድሞ ይስላል።
ያን ሳል ስንሰማ ሰፈሩ ይነቃል፤
ጀሪካኑ ሁሉ ሲገፋፋ ይስቃል።
እኔማ ቀኑን ሙሉ ውሃ በእጄ ይዤ ውዬ
ማታ በብር እገዛለሁ፣ የጋሪ አህያ ተከትዬ።

አዌቱም እንደ ሰው ሰፈር ይለያል፤
ላይኛው ድልድይ ጋ አጊጦ ይታያል፤
ግራና ቀኙን ድንጋይ ተደርድሮለት፣
ሲመሽ ሰማያዊ መብራት በርቶለት።
ሙሽሮች ቅዳሜ ፎቶ ይነሱበታል፣
"ምን ያማረ ወንዝ ነው!" ብለው ያልፉበታል።
እኛ ጋ ሲደርስ
ፌስታል ነው የሚለብስ።
ዳይፐር፣ የቡና ገለባ፣ የጫት እንጨት፣
ያላየነው ድግስ፣ ያልበላነው ራት።
ሐምሌ ላይ ደግሞ ሳያንኳኳ ገብቶ
ከአልጋችን እኩል ያድራል ተዘርግቶ።

"ሰፈራችሁን ሣሉ" ብላቸው መምህርት፣
ቶፊቅ ልጄ ዘንባባ ደረደረበት፣
ረድፍ ከረድፍ፣ አረንጓዴው እስኪያልቅበት።
"ዛፍ መቼ አለ እኛ ጋ? ይሄ የማን ነው?" አልኩት።
"ያንቺ ዛፎች ናቸዋ፣ እማ" አለኝ፣ ሳያየኝ።
መልስ አጣሁ። የቀለሙ ጉርድራጅ ብቻ ነው የታየኝ።

በማግስቱ "ይጣል" ተብሎ ከተለየው
አንዱን፣ ግማሽ ቅጠሉ ገርጥቶ የታየው፣
በሻርፔ ጠቅልዬ ይዤው ገባሁ ቤቴ።
ዋንዛ ነው። ቆፈርኩለት በማንኪያ፣ በጉልበቴ።
ልብስ ያጠብኩበትን፣ ሩዝ ያለቀለቅኩበትን
ቶፊቅ ነው የሚሰጠው፣ በጣሳ፣ ድርሻውን።

ሁለት ክረምት አለፈ። ዋንዛው ከቆርቆሮው በለጠ።
ከዚያ ሦስት ሰው መጣ፣ ሜትር የጨበጠ።
"ሩቂያ አባ ሜጫ?" "አቤት።" ቀይ ቀለም ነክረው
በግድግዳዬ ላይ ጻፉ፣ ሦስት አኃዝ ቆጥረው።
"ደስ ይበላችሁ፣ ልማቱ እናንተም ጋ ደረሰ፤
ወንዙ ሊጸዳ ነው" አለ አንዱ፣ እጁን እያበሰ።
ቤቴን በዓይኑ ለካ፤ ዋንዛዬን በእጁ ነካ፦
"ቤቱ ይነሳል። ዛፉ ግን ይቆያል። ለካ
ተክል የሚያውቅ ሰው አለ እዚህም!" ብሎ ሳቀ።
እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።
የቶፊቅ ዓይን ከዛፉ ተነሥቶ እኔ ላይ ወደቀ።

አረንጓዴውን ስንጠብቅ፣ ቀዩ ቀደመ፤
ድልድዩን ተሻግሮ በራችን ላይ ቆመ።

ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ሹሙ ጠጣ፤ አንካሴ ጠጣ።
ጎማውን እስከ ድልድዩ ሳብኩት፣ ትንፋሼ እስኪወጣ።
አፉን በአውራ ጣቴ ጨፈንኩት በግማሽ፤
ተስፈነጠረ ውሃው፣ እንደተወረወረ ሻሽ፤
ወዲያ ማዶ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው
አዌቱ ከሥር ሆኖ ተቀበለው።

ይሂድ። እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤
ፌስታሉን ለብሶ፣ ቀድሞኝ ወርዶ፣ ቤቴ ይጠብቀኝ።